ስለ ዐዋቂው የኤሌክትሪክ መረብና ስለ ገበሬው ተራ

በየዞኑና በየወረዳው የእርሻን ሥራ ለምትመሩ ክቡራን ሹማምንት።

የኤሌክትሪክ መስመር ወደ ገጠር በተዘረጋ ቁጥር የሕዝቡ ደስታ ታላቅ ነው። ብርሃን ወደ ቤቱ፥ ወፍጮ ወደ መንደሩ፥ የውሃ መሳቢያ ሞተር ወደ ማሳው ይመጣለታልና። ነገር ግን መስመር መዘርጋት አንድ ሥራ ነው፤ በመስመሩ የሚመጣውን ኃይል ለማን፥ ምን ያህል፥ በስንት ሰዓት፥ በምን ሥርዓት መስጠት እንደሚገባ ማወቅ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። ዛሬ በየአገሩ ያሉ የኤሌክትሪክ ሊቃውንት እጅግ የሚደክሙበት ይህ ሁለተኛው ሥራ ነው። እነርሱ «ስማርት ግሪድ» ይሉታል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ «ዐዋቂ መረብ» ብለን እንጠራዋለን። ነገሩ ሲሰሙት የከተማና የመሐንዲስ ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ሆኖም ከማንም ይልቅ ገበሬውን የሚነካ መሆኑን ከዚህ ቀጥለን እንገልጻለን። በውጭ አገር ስለ ተደረገው ስንናገር ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል።

1ኛ፤ ስለ መረቡ ጠባይ

የመስኖ ቦይ ባለበት በብዙው አገራችን የውሃ አባት አለ። የእርሱ ሥራ ተራ መጠበቅ ነው፤ ማን በጧት፥ ማን በማታ፥ ማን በሌሊት ማሳውን እንደሚያጠጣ ይወስናል፤ ተራ የሚያፈርሰውንም ይገሥጻል። የኤሌክትሪክ መረብም የውሃ አባት አለው። እርሱም በመቆጣጠሪያ ክፍል ተቀምጦ ከየጣቢያው የሚመጣውን ኃይልና ከየከተማው የሚጠየቀውን ኃይል ቀንና ሌሊት የሚመዝን ባለሙያ ነው። ነገር ግን የዚህኛው ተግባር እጅግ ይከብዳል። ለምን ቢሉ፥ የቦይ ውሃ ዛሬ ባይፈለግ በኩሬ ተጠራቅሞ ለነገ ይቆያል፤ በሽቦ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ግን ጎተራ የለውም። በዚህች ሴኮንድ የተመረተው በዚህችው ሴኮንድ ሥራ ላይ መዋል አለበት፤ በዚህች ሴኮንድ የተፈለገውም በዚህችው ሴኮንድ መመረት አለበት።

ሚዛኑ መጠበቁ የሚታወቀው በኤሌክትሪኩ ምልልስ ነው። በአገራችን፥ በሕንድና በአውሮፓ ምልልሱ በሴኮንድ 50 ጊዜ ነው፤ በአሜሪካ 60 ጊዜ ነው። ፈላጊው ከተመረተው በበለጠ ጊዜ፥ ማረሻው ሥር ሲይዝ የበሬዎቹ እርምጃ እንደሚከብድ፥ ጄኔሬተሮቹ ሁሉ ይከብዳቸዋል፤ ምልልሱም ከ50 ይወርዳል። የተመረተው ከተፈለገው በበለጠ ጊዜ ደግሞ ምልልሱ ከልክ በላይ ይፈጥናል። ሁለቱም መኪናን ይጎዳሉ፤ ስለዚህ ልኩ እጅግ ሲዛባ መኪናዎቹ ራሳቸውን ለማዳን በገዛ እጃቸው ከመረቡ ይለያያሉ። አንዱ ሲለይ ሸክሙ በቀሩት ላይ ይወድቃል፤ እነርሱም በተራቸው ይለያሉ፤ አገሩም ይጨልማል።

በቀድሞው ሥርዓት ሚዛኑን የሚጠብቀው አምራቹ ብቻ ነበር። ሕዝቡ በፈለገው ሰዓት ያበራል፤ ጣቢያው ደግሞ ከሰል ጨምሮ ወይም የግድቡን ውሃ ለቆ ይከተለዋል። ዛሬ ግን ብዙ አገሮች ከነፋስና ከፀሐይ ኃይል ማምረት ጀምረዋል። ነፋስ በገዛ ሰዓቱ ይነፍሳል፤ ፀሐይም ሕዝቡ መብራት በሚፈልግበት በማታ ትጠልቃለች። ስለዚህ አምራቹ ፈላጊውን ሁልጊዜ ሊከተል አይችልም፤ ፈላጊውም በተቻለው መጠን አምራቹን መስማት ይኖርበታል። የዐዋቂ መረብ ሐሳብ ሁሉ ከዚህ ይወለዳል።

2ኛ፤ መረብ ዐይንና ጆሮ ባጣ ጊዜ

ነሐሴ ወር በገባ በ14ኛው ቀን በ2003 ዓመት በሰሜን አሜሪካ ታላቅ ጨለማ ሆነ። 8 የአሜሪካ ግዛቶችና የካናዳ ክፍል የሆነው ኦንታሪዮ ተነኩ፤ 50 ሚሊዮን ያህል ሕዝብም መብራት አጣ። የሁለቱ መንግሥታት መርማሪዎች በሚያዝያ 2004 ባወጡት ዘገባ የነገሩን መነሻ ገልጸዋል። በኦሃዮ ግዛት ሙቀትና ብዙ ሸክም ያረገበው የከፍተኛ ኃይል ሽቦ ከሥሩ ካደገ ዛፍ ጋር ተነካክቶ ተቋረጠ፤ ዛፎቹ በጊዜው አልተቆረጡም ነበርና። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሽቦም በዚያው ዐይነት ተከተሉ። ይሁን እንጂ የመቆጣጠሪያው ክፍል ሰዎች ይህን አላወቁም፤ የማስጠንቀቂያ ደወል የሚደውለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ቀደም ብሎ በዚያው ቀን ዝም ብሎ ነበር። ማስጠንቀቂያ ስላልሰሙ ሁሉ ደኅና መሰላቸው። ከአንድ ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ጥፋቱ ከኦሃዮ ወጥቶ እስከ ኒውዮርክ ደረሰ።

በሕንድ አገርም በ2012 ዓመት በሐምሌ 30ና 31 ቀን መረቡ በተከታታይ ወደቀ። በሁለተኛው ቀን ጨለማው የነካው አገር ከ600 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርበት ነበር። በዚያ ክረምት ዝናቡ አንሶ ስለ ነበረ ገበሬዎች ከመሬት ውስጥ ውሃ ለመሳብ ሞተሮቻቸውን አብዝተው ያሠሩ ነበር፤ አንዳንድ ግዛቶችም ከተመደበላቸው በላይ ኃይል ይወስዱ ነበር። ስለዚህ የመስኖ ሞተር በመረቡ ሚዛን ላይ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

3ኛ፤ ሊቃውንቱ ስለ ደከሙበት ብልሃት

ሊቃውንቱ የሠሩት በሁለት በኩል ነው። አንዱ መረቡ ራሱን እንዲያይ ማድረግ ነው፤ ሁለተኛው ፈላጊውና አምራቹ እንዲነጋገሩ ማድረግ ነው።

ስለ ማየቱ፥ አሩን ፋድኬና ጄምስ ቶርፕ የተባሉት ሊቃውንት በ1988 ዓመት በአሜሪካ በቨርጂኒያ ቴክ አዲስ መለኪያ ሠሩ። መለኪያው በሰማይ ከሚዞሩት የጂፒኤስ ሳተላይቶች ትክክለኛ ሰዓት እየተቀበለ፥ እጅግ በተራራቁ ቦታዎች ያለውን የኤሌክትሪክ ሁናቴ በአንዲት ቅጽበት ይለካል። የቀድሞው መሣሪያ በየጥቂት ሴኮንድ አንድ ጊዜ ብቻ ሲናገር፥ ይህኛው በሴኮንድ 30 ጊዜና ከዚያም በላይ ይናገራል። ከ2003ቱ ጨለማ በኋላ የመሣሪያው ጥቅም ስለ ታወቀ በሰሜን አሜሪካ ከ1,000 በላይ ተተክሏል።

ስለ መነጋገሩ ደግሞ ፍሬድ ሽዌፔ የተባለው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህር በ1980 ዓመት ገደማ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ሐሳብ አቀረበ። የሰው ገላ ሲሞቀው እያላበ፥ ሲበርደውም እየተንቀጠቀጠ ሙቀቱን በልክ እንደሚጠብቅ፥ መረቡም ክፍሎቹ ሁሉ በየበኩላቸው እየተሰማሙ ሚዛኑን ሊጠብቅ ይችላል አለ። የማቀዝቀዣ ሣጥን ወይም የውሃ ማሞቂያ ለጥቂት ደቂቃ ቢቆም ባለቤቱ ምንም አይጎዳም። ስለዚህ ምልልሱ መውረዱን ሲያይ ለጥቂት ጊዜ ራሱን የሚያቆም መሣሪያ አሰበ፤ የኤሌክትሪክ ዋጋም እንደ ገበያ እህል በየሰዓቱ ከፍና ዝቅ እንዲል መከረ። ሽዌፔ በ1988 ዓመት ሞተ፤ ሐሳቡ ግን ከእርሱ በኋላ ሥራ ላይ ዋለ።

በኢጣልያ አገር ከ2001 ዓመት ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 30 ሚሊዮን ያህል ቤቶች ከሩቅ የሚነበብና የሚታዘዝ ቆጣሪ ተተከለላቸው። በዴንማርክ ደግሞ ቦርንሆልም በምትባል 40,000 ያህል ሕዝብ በሚኖርባት ደሴት ከ2011 እስከ 2015 ዓመት በ2,000 ያህል ቤቶች ፈተና ተደረገ። የኤሌክትሪክ ዋጋ በየ5 ደቂቃው ይለዋወጥ ነበር፤ ነፋስ ሲበዛ ይረክሳል፤ ነፋስ ሲጠፋ ይወደዳል። ከፈተናውም አንድ ትምህርት ተገኘ፤ ዋጋውን እያዩ በእጃቸው እንዲያበሩና እንዲያጠፉ የተነገራቸው ቤቶች ብዙ ለውጥ አላመጡም፤ ማሞቂያቸው ራሱ ዋጋውን እየሰማ የሚታዘዝላቸው ግን ሸክሙን ቀነሱ። ሰው ሥራውን ትቶ ቀኑን ሙሉ ቆጣሪ ሊጠብቅ አይችልምና።

የዚህ ሁሉ ብልሃት ሥር በአገራችን ምሳሌ ውስጥ አለ፤ ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሸክሙ የሚከፈለው ግን ለመሸከም ለሚችል ነው። የሐኪም ቤት የቀዶ ጥገና መብራት መጠበቅ አይችልም። የክትባት ማቀዝቀዣ ጥቂት ሊጠብቅ ይችላል። የእህል ወፍጮ ለግማሽ ቀን መጠበቅ ይችላል። የመስኖ ሞተር ግን ከሁሉ ይልቅ መጠበቅ ይችላል፤ ውሃው በጧት ቢሳብ ወይም በሌሊት ቢሳብ፥ ተክሉ በቀኑ ውስጥ ድርሻውን ካገኘ ይበቃዋል። ስለዚህ ገበሬው በዐዋቂው መረብ ዘንድ ትልቅ ተባባሪ ነው፤ ነገር ግን መጠበቅ የሚችል ሰው ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ እንዲጠብቅ ይፈረድበታል። ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

4ኛ፤ በጉጅራት ግዛት የተደረገው

በምዕራብ ሕንድ ባለችው በጉጅራት ግዛት ገበሬዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ ከጥልቅ ጉድጓድ በኤሌክትሪክ ሞተር ውሃ እየሳቡ ያርሳሉ። ከ1980ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ጀምሮ ገበሬው የሚከፍለው በቆጣሪ መሆኑ ቀርቶ በሞተሩ የፈረስ ጉልበት መጠን ሆነ። አንድ ሰዓት ቢያሠራ ወይም ሌሊቱን ሙሉ ቢያሠራ ክፍያው አንድ ነው። ስለዚህ ኃይል በመጣ ቁጥር ሁሉም ሞተሩን ያስነሣል፤ የመሬት ውስጡ ውሃ ይርቃል፤ የኤሌክትሪኩ መሥሪያ ቤት ይከስራል።

የመንደሩ ቤቶችና የማሳው ሞተሮች ባንድ መስመር ላይ ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ ሞተሮቹን ለመከልከል ሲል ከሦስቱ ፌዞች የሞተር ማዞሪያውን ያጠፋና ለመብራት የሚበቃውን ብቻ ይለቃል። ገበሬዎቹም በበኩላቸው በተንኮለኛ መሣሪያ በዚያው በጎደለው ኃይል ሞተራቸውን ያስነሡ ነበር። ከዚህም የተነሣ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል፤ ሞተሩ ይነድዳል፤ የመንደሩ ልጆችም በደበዘዘ መብራት ያጠናሉ። ሁሉም ይወስዳል፤ ማንም አይጠግብም።

ቱሻር ሻህ የተባለው የዓለም አቀፉ የውሃ አስተዳደር ተቋም ሊቅና ባልደረቦቹ ይህን መርምረው ምክር ሰጡ። በሚሊዮን ለሚቆጠር ሞተር ቆጣሪ ተክሎ ማንበብ ቢከብድ እንኳ፥ ኃይሉን ገበሬው በሚፈልገው ወራት፥ በታወቀ ሰዓትና በሙሉ ጉልበት አከፋፍሎ መስጠት ይቻላል አሉ። የግዛቱ መንግሥት ከ2003 ዓመት ጀምሮ «ጂዮቲግራም» ማለት ብርሃን ያገኘ መንደር የተባለውን ሥራ ጀመረ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በ18,000 ያህል መንደሮች የቤቱ መስመርና የማሳው መስመር ተለያየ። ለመንደሩ ሌሊትና ቀን 24 ሰዓት ኃይል ተሰጠ፤ ለማሳው ደግሞ በቀን 8 ሰዓት፥ ነገር ግን ሙሉ ቮልቴጅ ያለውና ሰዓቱ አስቀድሞ የተነገረ ኃይል ተሰጠ። በየመስመሩ መነሻም ቆጣሪ ስለ ተተከለ ኃይሉ የት እንደሚጠፋ ታወቀ።

የሥራው ውጤት እንዴት ነበር? ሻህና ባልደረባው ሽልፕ ቬርማ በ2008 ዓመት ባሳተሙት ጥናት እንደ ገለጹት፥ በመንደሮቹ ወፍጮው፥ የልብስ ስፌቱ፥ ጥቃቅኑ የእጅ ሥራ ተስፋፋ፤ ትምህርት ቤቱም መብራት አገኘ። የሞተር መቃጠልም ቀነሰ። ለመስኖ የሚወጣው ኃይል ከ2001 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት ከሲሶ በላይ እንደ ቀነሰም ጽፈዋል፤ በእነዚያ ዓመታት ዝናቡ መልካም ስለ ነበረ ግን ቅነሳው ሁሉ የሥርዓቱ ፍሬ ነው ማለት አይገባም።

ከዚህ ጋር የተጎዳ ሰው እንዳለ ጥናቱ አልሸሸገም። በጉጅራት ጉድጓድና ሞተር የሌለው ድኻ ገበሬ፥ የሰው መሬት በእርቦ የሚያርሰውም ጭምር፥ ከባለ ሞተሩ ውሃ እየገዛ ያርስ ነበር። ኃይሉ በ8 ሰዓት በተወሰነ ጊዜ ባለ ሞተሩ በመጀመሪያ የራሱን ማሳ አጠጣ፤ የሚሸጠው ውሃም አነሰ፤ ዋጋውም ወጣ። ስለዚህ በሥርዓቱ ባለ ጉድጓዱ ዕረፍት ሲያገኝ፥ ምንም የሌለው ጎረቤቱ ተራውን አጣ። ሰዓቱም ብዙ ጊዜ በሌሊት ስለሚውል ገበሬው በጨለማ ከእባብና ከአውሬ ጋር እየታገለ ያጠጣ ነበር፤ ይህ ቅሬታ ከቆየ በኋላ ግዛቱ በ2020 ዓመት ለማሳ የሚሆነውን ኃይል በቀን ለመስጠት ሌላ ሥራ ጀመረ።

የኋለኛው ዘመን ደግሞ አዲስ ነገር አመጣ። በዚያው በጉጅራት በኬዳ አውራጃ በዱንዲ መንደር በ2016 ዓመት ጥቂት ገበሬዎች በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የውሃ ሞተር ተክለው ማኅበር አቋቋሙ። ማሳቸውን ካጠጡ በኋላ የተረፋቸውን ኃይል ለመረቡ ይሸጣሉ። ለገበሬው ፀሐዩ እንደ ሌላ ሰብል ሆነለት፤ ውሃውን ያለ ልክ ከመሳብ ይልቅ ኃይሉን መሸጥ ስለሚጠቅመው ጉድጓዱንም ይቆጥባል። ግዛቱም በ2018 ዓመት ይህንኑ ሐሳብ በሰፊው መሞከር ጀመረ። በዚህ ዐይነት ትናንት ተቀባይ ብቻ የነበረው ገበሬ ዛሬ አምራችም ሆነ፤ ሊቃውንቱ ስለ ወደፊቱ የኃይል ሥራ ሲናገሩ ተስፋ የሚያደርጉት ይህን የመሰለውን ነው።

5ኛ፤ ለአገራችን ሹማምንት የሚጠቅመው

የአገራችን መረብ ዋና ምንጩ ውሃ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ 13 ተርባይኖች ያሉት ሲሆን 5,150 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተሠራ ነው። በአሸጎዳና በአዳማ የነፋስ ጣቢያዎች አሉ። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ የሚገባው፥ ጠቅላላ ርዝመቱ 1,045 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው መስመርም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኃይል ይሸጣል። ግድብ የውሃ ጎተራ ስለ ሆነ፥ ነፋስ ሲነፍስ ውሃውን መቆጠብ፥ ነፋስ ሲቆም መልቀቅ ይቻላል፤ ይህም ብዙ አገሮች የሚመኙት ጸጋ ነው። ነገር ግን ኃይል በግድቡ መኖሩ ብቻ በወረዳው ማሳ ላይ ደረሰ ማለት አይደለም። መካከሉ ላይ ያለው ሽቦ፥ ትራንስፎርመርና ሥርዓት ነው። የበጋ መስኖ ስንዴ በሚስፋፋበት ቀበሌም ሞተሩ በበዛ ቁጥር ጉጅራት ያየችው ሁሉ ወደ እኛ መምጣቱ አይቀርም።

ስለዚህ ከላይ ከተነገረው የሚከተለው ለሥራ ይጠቅማል ብለን እናሳስባለን።

አንደኛ፤ መስመር ከመድረሱ በፊት በቀበሌው ያለውንና ሊመጣ የሚችለውን የውሃ ሞተር፥ ወፍጮ፥ የቡና መፈልፈያና የወተት ማቀዝቀዣ ከነሰዓቱ መመዝገብ ይገባል። መሐንዲሱ ትራንስፎርመሩን የሚመርጠው በሚነገረው ቁጥር ነውና፤ ቁጥሩን ይልቁንም የሚያውቀው የእርሻው ሹም ነው።

ሁለተኛ፤ ብዙ ሞተር በሚሰበሰብበት የመስኖ ቦታ የማሳው መስመር ከመንደሩ መስመር ተለይቶ እንዲዘረጋ ገና ከመጀመሪያው መጠየቅ ይበጃል። ከተዘረጋ በኋላ መለየት ሁለት ወጪ ነው።

ሦስተኛ፤ ኃይል የማይበቃ ከሆነ ሰዓቱ ይወሰን፤ የተወሰነውም ሰዓት አስቀድሞ በገበያና በቀበሌ ይነገር። ገበሬ ቁርጡን ካወቀ ስድስት ሰዓት ይበቃዋል፤ ቁርጡን ካላወቀ ሃያ አራት ሰዓት ቦይ አፍ ላይ ተቀምጦ ያድራል። ሰዓቱ ሁልጊዜ በሌሊት በሚደርስበት በአንድ ወገን ላይ እንዳይወድቅም ይፈራረቅ።

አራተኛ፤ ተራው ሲደለደል ሞተር የሌለው ገበሬ በስብሰባው ይቀመጥ። ባለ ሞተሮቹ ብቻ የሚመክሩበት ድልድል የእነርሱን ማሳ ብቻ ያጠጣል። ቀድሞ የውሃ አባቶቻችን ተራ ሲሰጡ የሚጠብቁት ሥርዓት ለኤሌክትሪኩም ይሠራል፤ በዚህ ረገድ ከውጭ የምንማረው ጥቂት ነው።

አምስተኛ፤ በመስመሩ ሥር የሚበቅለው ዛፍ በጊዜው ይቆረጥ። በሰሜን አሜሪካ 50 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ጨለማ ውስጥ እንዲገባ መነሻ የሆነው ቅርንጫፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋልና ገበሬው ከሽቦ ሥር እንዳይተክል ሲተከል መምከር፥ ካደገ በኋላ ከመከራከር ይቀላል።

ስድስተኛ፤ ከሩቅ የሚነበብ ቆጣሪ በሚመጣበት ጊዜ ገበሬው የሚያነበውን ቁጥር ትርጓሜ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት ያስፈልጋል። ያልገባው ሰው ቆጣሪውን እንደ ሰላይ ያየዋል፤ የገባው ግን እንደ ሚዛን ይጠቀምበታል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ቁም ነገር አንድ ነው። የመረብ ዐዋቂነት በመሣሪያው ብዛት ብቻ አይለካም። መሣሪያው የሚያየውንና የሚቆጥረውን ያያል፥ ይቆጥራል፤ ማን መጠበቅ እንደሚችል፥ ማን መጠበቅ እንደማይችል፥ የጠበቀውም ሰው ስለ መጠበቁ ምን እንደሚያገኝ የሚወስነው ግን ሰው ነው። በጉጅራት ሥራውን ያቃናው በታወቀ ሰዓት የተሰጠ 8 ሰዓት ሙሉ ኃይል ነው፤ ያጎደለውም ውሃ ገዢው ድኻ በተራው ድልድል አለመታሰቡ ነው። በየወረዳችሁ መስመር በሚደርስበት ቀን ሁለቱንም በአንድነት እንድታስቡ አደራ እንላለን።